የኤሌክትሮኒክ ሚዛን አመረማመር

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሰሊጥ ንግድ የሚቆመው በሚዛን ነው። ሚዛን በየኩንታሉ ግማሽ ኪሎ ቢያጎድል፥ በ400 ኩንታል ላይ 2 ኩንታል ሙሉ ይጠፋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰሊጥ በመጋዘን ደረሰኝም ስለሚሸጥ፥ ሚዛን ያሳየው ቍጥር ራሱ እንደ ገንዘብ ይቈጠራል። ስለዚህ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን የሚገዛ ነጋዴ አመረማመሩን ማወቅ ይገባዋል።

የአሠራሩ ጠባይ። ከሚዛኑ ገበታ በታች ያለው ብረት ሸክም ሲጫነው ዐይን በማያየው መጠን ይታጠፋል፤ በላዩ የተለጠፉት ቀጫጭን ሽቦዎችም አብረው ይሳባሉ። ከዚህ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ምልክት እጅግ ጥቂት ነው፤ ይኸውም 5 ቮልት ሲሰጥ በሙሉ ሸክም ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊቮልት ያህል ነው። ይህን አጉልቶ ወደ ቍጥር የሚለውጠው የሰርኪዩት ሰሌዳ ስለ ሆነ፥ አቧራ፥ እርጥበት ወይም የላላ ብየዳ ንባቡን ያዛባል።

በፋብሪካ። ሰሌዳው በካሜራ ይታያል፤ ቀጥሎ ብዙ መርፌ በተተከለበት መደብ ላይ ተጭኖ እያንዳንዱ ክፍል ይለካል፤ በመጨረሻም ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት ሥራው ይፈተናል። የመርፌው ፈተና ክፍሎቹ ደኅና መሆናቸውን ያስረዳል እንጂ ሚዛኑ በትክክል መመዘኑን አያስረዳም።

በነጋዴው ዘንድ።

አንደኛ፤ በዐይን። ባለሙያ ሰሌዳውን በአጉሊ መነጽር ይመልከት፤ በብየዳው ዙሪያ ስንጥቅ ቢታይ ሚዛኑ ይመለስ። ማኅተም ያለበት ሚዛን ግን ያለ ፈቃድ አይከፈት።

ሁለተኛ፤ በቴስተር። ባትሪው ወጥቶ በኤሌክትሪክ መግቢያው ላይ ያለው መቋቋም ይለካ፤ ወደ ዜሮ ቀርቦ ከቀረ ሾርት አለበት ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ በሸክም። ልኩ የታወቀ የሚዛን ድንጋይ በመካከልና በአራቱ ማዕዘን ይቀመጥ፤ ንባቡ አንድ ይሁን፤ ድንጋዩ ሲነሣም ወደ ዜሮ ይመለስ።

አራተኛ፤ በሙቀት። ይህ ለቆላው ከሁሉ የበለጠ ነው። መዳብ፥ የመስታወት ክር ሰሌዳና የብየዳ ቆርቆሮ ሲሞቁ የሚለጠጡት እኩል ስላልሆነ፥ በማለዳ የተገናኘ ስንጥቅ በቀትር ሊለያይ ይችላል። በመተማ በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለና፥ የንጋቱ ፈተና በቀትር ይደገም።

ናሙናስ ይበቃልን? ከ100 ሚዛን 10ሩ ብልሹ ቢሆኑ፥ 10 ብቻ መርጦ የሚፈትን ነጋዴ አንድም ብልሹ ሳያገኝ የመቅረቱ ዕድል ከሦስት አንድ ያህል ነው። ለአምፖል ናሙና ይበቃ ይሆናል፤ ሚዛን ግን የገበሬው የዓመት ድካም የሚለካበት ስለ ሆነ አንድ በአንድ ይፈተን። የፈተናው ቀን፥ ሰዓትና ንባብም በመዝገብ ይጻፍ፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ለሻጭም ለገዢም ምስክር የሚሆነው ይኸው መዝገብ ነው።