ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
ለጀማሪ ሞተር ብስክሌት ነጂዎች የቀረበ ትምህርት



እንደሚታወቀው ከሥልጠና በኋላ ብዙዎቻችን የምንመደበው አውቶቡስ እደጁ በማይቆምበት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ጥቂት ዓመት አገልግሎ ርዕሰ መምህር ወይም የጉድኝት ሱፐርቫይዘር የሆነ ደግሞ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዞርበት ሞተር ብስክሌት ሊሰጠው ይችላል። የግብርናውና የጤናው ባለሙያም እንደዚሁ ነው። ዶቅዶቄዋ በእግር ግማሽ ቀን የሚፈጀውን መንገድ በአንድ ሰዓት ታደርሳለች። ይሁን እንጂ ቁልፉ ሲሰጥ አነዳዱን የሚያስተምር ሰው አብሮ የሚሰጠው ስንቱ ነው? ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ነው።

1ኛ/ ከራሴ የደረሰ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ አንድ ባልደረባዬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማርሽና ፍሬን አሳየኝ። ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞርኩ። በቃ፣ የቻልኩ መሰለኝ። በሳምንቱ በገበያ ቀን አንዲት መምህርት ከኋላዬ አፈናጥጬ ከሰላ ድንጋይ ወጣ ብሎ ባለ የጠጠር መንገድ ቁልቁል ስወርድ፣ የተጫኑ አህዮች ከጥጉ ብቅ አሉ። ደነገጥኩና የፊቱን ፍሬን በሙሉ እጄ ጨመቅሁት። የፊት ጎማው ጠጠሩ ላይ ሸርተት አለ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አቧራውን ነው።

የእኔ ክንድ ተሰበረ፤ ዳነ። እሷ ግን ራሷን ተመታች፤ ለረዥም ጊዜ ነፍሷን ሳታውቅ ቆየች። ክፍሏን ለወራት ሌላ ሰው ሸፈነላት፤ ዛሬም ራሷን ያማታል። የነበረን ሄልሜት አንድ ብቻ ነበር። ያደረግሁትም እኔ ነበርኩ።

ከአህዮቹ ጋር የነበሩ አንድ አዛውንት አንስተው ጥላ ሥር ካስቀመጡኝ በኋላ፣ «አይዞህ ልጄ። በቅሎ እንኳ ሳይገሩ አይቀመጡባትም፤ አንተ ይህን ብረት ባንድ ቀን ልትገራው ኖሯል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

2ኛ/ አደጋ የሚደርሰው በማን ላይ ነው?

ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር ሃሪ ኸርት የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በየቦታው ተገኝተው መርምረው፣ ውጤቱን በ1981 እ.ኤ.አ. አወጡ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ውስጥ 92 በመቶ የሚሆኑት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም አደጋ በደረሰበት ሞተር ላይ አምስት ወር ያልሞላ ልምድ ነበራቸው። በሌላ ተሽከርካሪ በተገጩበት ጊዜ ደግሞ ዋናው ምክንያት የመኪናው አሽከርካሪ ሞተሩን በጊዜ አለማየቱ ነበር።

ከዚህ ሦስት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ጓደኛ ያሳየው በቂ ትምህርት አይደለም። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉ ይልቅ አስጊ ናቸው። ሦስተኛ፣ «አይቶኛል» ብሎ መገመት ስሕተት ነው። የአሽከርካሪውን ዓይን ካላየን አላየንም ብለን እንንዳ። ፈቃድን በሚመለከትም የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ማንም ሰው ያለ መንጃ ፈቃድ እንዳይነዳ ይደነግጋል፤ ሞተር ብስክሌትም የራሱ ምድብ አለው። «ገጠር ነው፣ ማን ያየኛል» ማለት መምህር ከሚባል ሰው አይጠበቅም።

3ኛ/ ከመነሳት በፊት

ሀ/ ራስ። ቶማስ ኤድዋርድ ሎውረንስ የተባለው ስመ ጥር እንግሊዛዊ የጦር መኮንንና ደራሲ በግንቦት ወር 1935 እ.ኤ.አ. በሞተር ብስክሌት ሲጓዝ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ። ራሱ ላይ ምንም አላደረገም ነበር፤ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት ሂዩ ኬርንስ ነገሩን ችላ አላሉትም። በሞተር ነጂዎች የራስ ጉዳት ላይ ጥናት አድርገው በ1941 እ.ኤ.አ. ስለ ሄልሜት ጥቅም ጻፉ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሲቪሉ ሕዝብ ግዴታ የሆነው ግን በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩም ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ታውቋል። ሄልሜት ማለት ግን አገጭ ሥር የታሰረ ነው። ሳይታሰር ራስ ላይ የተቀመጠ፣ ወይም ክንድ ላይ የተንጠለጠለ፣ ከጌጥ አይቆጠርም። አንድ ጊዜ ከባድ ምት ያገኘው ደግሞ ስንጥቁ ባይታይም ሊለወጥ ይገባል።

ለ/ ልብስ። ጠንካራ ጫማ፣ ረዥም ሱሪ፣ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ያስፈልጋሉ። የሚወድቅ ሰው በደመ ነፍስ መጀመሪያ የሚያስቀድመው እጁን ነው። ጋቢና ነጠላ ግን በሞተር ላይ አደገኛ ናቸው። ጫፋቸው በሰንሰለቱ ወይም በኋላ ጎማው ከተጠመጠመ ለባሹን በቅጽበት ይጎትታል። ስለዚህ ከተለበሱም ከጃኬት ሥር ተሰብስበው ይታሰሩ።

ሐ/ ሞተሩ። በየማለዳው አምስት ደቂቃ ይበቃል። የሁለቱም ጎማ ንፋስ፣ የፊትና የኋላ ፍሬን፣ የሰንሰለቱ ልልነትና ቅባት፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ስፖኪዮ፣ ዘይትና ቤንዚን ይታዩ። ስፖኪዮን «አያምርም» ብሎ የሚፈታ ሰው ዓይኑን እንደሸጠ ይቁጠረው።

4ኛ/ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ጀማሪው ሰው፣ ከብትና መኪና በሌለበት ሜዳ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይጀምር። ቅደም ተከተሉም እንደሚከተለው ቢሆን ይመረጣል።

መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሳ በእጅ ገፍቶ ክብደቱን መልመድ። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስቶ ፍሪሲዮኑን በዝግታ እየለቀቁ ጎማው መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ነጥብ በእጅ ማወቅ። ፍሪሲዮንን በአንድ ጊዜ የሚለቅ ጀማሪ ወይ ሞተሩን ያጠፋል፣ ወይ እንደ ደነገጠ ፈረስ ይፈናጠርበታል። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ ቀጥ ብሎ መሄድና መቆም፣ ይህም እስኪሰለች ድረስ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሁለተኛ ማርሽ፣ መጠምዘዝ፣ በጠባብ ቦታ መዞር ይመጣል።

ማሳሰቢያ፦ የማርሽ አገባብ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። በአንዳንዱ አንደኛው ወደ ታች፣ የቀሩት ወደ ላይ ናቸው፤ በሌላው ሁሉም ወደ ታች ይገባሉ። የተዋሱትን ሞተር ሳይጠይቁ መንዳት ብዙውን ያሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ፍሬን። በደረቅ አስፋልት ላይ ዋናው የማቆም ኃይል ያለው ከፊት ፍሬን ነው። ምክንያቱም ሲፈረን ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይዞራል፤ የኋላው ይቀልላል። ስለሆነም ሁለቱም አብረው፣ የፊቱ እየጠነከረ ይያዛል እንጂ ባንዴ አይጨመቅም። በጠጠር፣ በጭቃና በእርጥብ ቦታ ግን የፊቱ በጣም በለሰለሰ እጅ፣ የኋላው በርከት ብሎ ይያዛል። ጠምዛዛ ቦታ ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፍ በፊት ነው። ሞተሩ ከተጋደመ በኋላ ፍሬን መያዝ መውደቅን መጋበዝ ነው። ዓይንንም መሄድ ወደምንፈልግበት እንጂ ወደ ጉድጓዱ አንላክ፤ ሞተሩ ዓይንን ይከተላልና። ቁልቁለት ሲወርዱ ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዝ።

5ኛ/ ጥቂት ሒሳብ

ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ሁለት ክፍል አለው። አንዱ አይቶ እስክንፈርን ድረስ የምንሄደው ነው፤ አንድ ሰከንድ እንበለው። ሁለተኛው የፍሬኑ ርቀት ሲሆን የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። በደረቅ አስፋልት ፍጥነታችን በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል ብለን ብናሰላ፦

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፦ 8 ሜትር ለማሰብ፣ 7 ሜትር ለመፈረን፣ በጠቅላላው 15 ሜትር።
በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፦ 17 ሜትር ለማሰብ፣ 28 ሜትር ለመፈረን፣ በጠቅላላው 45 ሜትር።

ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ሆነ። በጠጠር ላይ ቅነሳው ወደ 3 ሜትር በሰከንድ ዝቅ ቢል ደግሞ በሰዓት 30 የሚሄደው 20 ሜትር ገደማ፣ በሰዓት 60 የሚሄደው 63 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። እኔ ያን ቀን ከአህዮቹ ጋር የተገናኘሁት ከዚህ በጣም ባነሰ ርቀት ነበር። ጥፋቱ የአህዮቹ አልነበረም፤ ሒሳቡ የተበላሸው ጥጉ ጋ ሳልደርስ ነው።

6ኛ/ አገራችንን ማወቅ

ጉም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጣርማበር ደግሞ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል። ጉሙ 20 ሜትር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ከላይ ባሰላነው መሠረት በጠጠር ላይ በሰዓት 30 መሄድ እንኳ ርቀቱን ሁሉ ይጨርሰዋል። እንግዲያው ከዚያ ማነስ ነው፤ ካልሆነም ከመንገዱ ወጣ ብሎ መቆም። ረዥሙ መብራት ጉሙ ላይ ነጥቆ ተመልሶ ዓይን ስለሚያጠፋ አጭሩን ማብራት ይገባል።

ብርድ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ይጥላል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል። ጓንት ማድረግ፣ መንገድ ላይ ቆም ብሎ እጅን ማሟሟቅ ሞኝነት አይደለም።

ጭቃ። በክረምት ዋልካው አፈር ጎማ ላይ እየተለጠፈ ጥርሱን ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ጎማው ሳሙና ላይ እንደቆመ ነው። ወርዶ መግፋት ከመውደቅ ይሻላል።

ከፍታ። በ3000 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩም ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ዳገት ላይ የጭነት መኪና ለመቅደም ሲነሱ ጉልበቱ ቢያንስ የሚጋለጡት በመኪናው ጎንና ከፊት በሚመጣው መካከል ነው። ጥግ ላይና ዳገት አፋፍ ላይ መቅደም ይቅር።

ከብትና ልጆች። በገበያ ቀን መንገዱ የሰውም የአህያም የበግም ነው። አንድ በግ ካለፈ የቀሩት ይከተሉታል፤ መሃል ለመሰንጠቅ አይሞከር። ውሻ ሲያባርር ማርሽ ቀንሶ በርጋታ ማለፍ እንጂ በእግር ለመምታት መሞከር ሚዛን ያስታል። ልጆች «መምህር መጣ!» ብለው ሮጠው ወደ መንገዱ እንደሚገቡም አንርሳ፤ ልጆቹ የእኛው ተማሪዎች ናቸው።

7ኛ/ ስለ ተፈናጣጭ

ጀማሪ ሰው አያፈናጥጥ። ቢያንስ ለብቻው በልዩ ልዩ መንገድና የአየር ጠባይ ለወራት ነድቶ እጁ እስኪረጋ ይጠብቅ። ተፈናጣጭ ሲኖር ሞተሩ ለመቆም ያስቸግራል፣ ለመዞር ይከብዳል። ጊዜው ሲደርስም ሁለተኛ ሄልሜት ከሌለ ተፈናጣጭ የለም። «ቅርብ ነው፣ ምን አለበት» የሚል ሰው ቢመጣ ይቅርታ ጠይቆ መሄድ ነው። ሲያናድድ ይችላል፤ ግን አይገድልም። እኔ ይህን ቃል አንድ ሳምንት ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ያቺ እህታችን ዛሬ በሙሉ ጤና ታስተምር ነበር።

8ኛ/ አደጋ ቢደርስ

የወደቀን ሰው ተረባርቦ ማንሳትና ማስቀመጥ ልማዳችን ነው፤ እኔንም ያነሱኝ በቅንነት ነው። ይሁን እንጂ አንገቱ ወይም አከርካሪው የተጎዳ ሰው በመነሳቱ ብቻ ሽባ ሊሆን ይችላል። እሳት ወይም መኪና ካላሰጋ ባለበት ይቆይ፤ ራሱና አንገቱ አይነቃነቅ። መተንፈስ እስካልተሳነው ድረስ ሄልሜቱ አይውለቅ። የሚደማው ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፤ ብርድ ልብስ ይደረብለት፤ የሚበላም የሚጠጣም አይሰጠው። አንድ ሰው ርዳታ ይጥራ፤ ሌላው ራቅ ብሎ መጪዎቹን መኪናዎች ያስቁም።

መደምደሚያና መልመጃ

ከዚህ በላይ እንደተገለጸው ሞተር ብስክሌት መንዳት እንደ ማንኛውም ሙያ ደረጃ በደረጃ የሚለመድ ነገር ነው። ፊደል ያልቆጠረን ልጅ ደብዳቤ ጻፍ እንደማንለው ሁሉ፣ ራሳችንንም ሜዳ ሳንጨርስ ወደ ጣርማበር አንላክ። ለገጠሩ ትምህርት ቤት የሚጠቅመው ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ መምህር ሳይሆን በየቀኑ የሚደርስ መምህር ነው።

ለውይይት የሚከተሉት ቀርበዋል፦

1. በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በደረቅ አስፋልት ለመቆም ስንት ሜትር ያስፈልገዋል? በጠጠርስ? ከላይ ባለው ዘዴ አስሉ።
2. ከምትኖሩበት እስከ ገበያው ባለው መንገድ ላይ ወደ ፊት የማያሳዩ ጥጎች ስንት ናቸው? በእግር ሄዳችሁ ቁጠሩ።
3. ከመንገድ ዳር ላለ ትምህርት ቤት ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ መንገድ አቋራረጥ የ40 ደቂቃ ትምህርት አዘጋጁ።

በሦስተኛው ላይ የተሻለ ዝግጅት ያቀረበ ዕጩ መምህር ጽሑፉ በሚቀጥለው ጊዜ በዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍለታል።