ኦቨን ለሌለው ቤት፦ ብስኩትና ኬክ በራሳችን እጅ

የዛሬው ትምህርታችን ከደብተርና ከእስክሪብቶ ወጣ ያለ ነው። ወደ ጓዳ እንገባለን። ቀለል ያለ ብስኩትና ኬክ እንጋግራለን።

«ኬክ መጋገር እኮ ኦቨን ያለው ሰው ሥራ ነው» ትሉ ይሆናል። በሥራዬ ከማገኛቸው ወጣቶች ይህንኑ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የታናሽ እህታቸው ልደት ሲደርስ ኬክ ለመግዛት አቅም የላቸውም፤ «ለምን አትጋግሩላትም?» ሲባሉ ደግሞ መልሳቸው «በምን?» ነው።

መልሱ ከእናቶቻችን ዘንድ አለ። ድፎ ዳቦ ሲጋገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሊጡ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይቀመጣል። ከታች እሳት አለ። ከላይ ደግሞ በብረት ይከደንና በክዳኑ ላይ ሌላ እሳት ይደረግበታል። ሙቀቱ ዳቦውን በሁሉም በኩል ይከበዋል። ኦቨን የሚባለው ዕቃ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። እንግዲህ ክዳን ያለው ወፍራም ብረት ድስት ካለን ኦቨን አለን ማለት ነው።

ከመጀመራችን በፊት

1. ፈቃድ ጠይቁ። ስኳሩም ዱቄቱም የቤቱ ነው። በብዙ ቤት ስኳር እስከ ወር መጨረሻ ታስቦበት የሚቀመጥ ነገር ነው። «እማዬ፣ ቅዳሜ ኬክ ልሞክር ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ስኳር ይበቃኛል» ብሎ አስቀድሞ መንገር ከጭቅጭቅ ያድናል።

2. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጥሬ እንቁላል ከነካችሁ በኋላም እንደገና ታጠቡ። እንቁላል ያለበትን ጥሬ ሊጥ አትቅመሱ።

3. ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ከቤት ውጪ ወይም በደንብ አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲጠራቀም ራስ ያዞራል፣ ያደክማል፣ ይገድላልም። «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል» ብላችሁ ማንደጃውን ወደ ቤት አታስገቡ። ፍም የሆነ ከሰልም ጋዙን ያወጣል።

4. ታናናሾቻችሁን ከእሳቱ ራቅ አድርጉ። ትኩስ ድስት የምትይዙበት ጨርቅ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ቶሎ ያሳልፋል።

ወንዶች ልጆችስ?

«ጓዳ የሴት ነው» የሚል አንባቢ ካለ አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደ ሰፈራችሁ ዳቦ ቤት ሂዱና በጓሮ በኩል ተመልከቱ። ሌሊት ተነስተው ሊጥ የሚያቦኩት፣ እሳቱ ፊት ቆመው የሚጋግሩት ብዙዎቹ እነማን ናቸው? ወንዶች ናቸው። ታዲያ ያው ሥራ ደሞዝ ሲኖረው የወንድ፣ ቤት ውስጥ በነፃ ሲሠራ የሴት የሚሆነው ለምንድን ነው? እስቲ አስቡበት። ይህ ትምህርት ለሁላችሁም ነው።

ልክ! ልክ! ልክ!

ወጥ ስንሠራ «በዓይን መጠን» እንላለን። ጨው ቢያንስ እንጨምራለን፣ ቢወፍር ውሃ ጠብ እናደርጋለን። ኬክ ግን አንዴ እሳት ላይ ከወጣ በኋላ ማስተካከያ የለውም። ስለዚህ መለኪያ ያስፈልገናል።

ሚዛን ከሌላችሁ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። ግማሽ ሊትር በሚይዝ የውሃ ጠርሙስ ሞክሩት፦ ጠርሙሱ ብርጭቆውን 4 ጊዜ ከሞላ ብርጭቋችሁ 125 ሚሊ ሊትር ይይዛል። እዚህ የተጻፈው ልክ በዚህ ብርጭቆ ነው። የእናንተ ትንሽ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ችግር የለውም። ዋናው ነገር ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ መለካት ነው። ዱቄቱን ብርጭቆው ውስጥ አትጠቅጥቁት፤ በማንኪያ ሙሉና አናቱን በቢላዋ ጀርባ አስተካክሉት።

እያንዳንዱ ነገር ምን ይሠራል?

የፉርኖ ዱቄት፦ ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ውሃ ሲያገኝ ግሉተን የሚባል ተለጣጭ ነገር ይሠራል። ለዳቦ ይህ መለጠጥ ጥሩ ነው፤ ለዚህም ነው ሊጡን በደንብ የምናሸው። ለኬክ ግን ብዙ ከመታነው እንደ ጎማ ይጠነክራል። የጤፍ ዱቄት ግሉተን ስለሌለው ብቻውን እንደ ስንዴ ኬክ አይነፋም።

ስኳር፦ ከማጣፈጥ ሌላ እርጥበት ይዞ ያለሰልሳል፣ መልኩንም ያቀላዋል።

ቤኪንግ ሶዳ፦ በኬሚስትሪ ክፍል ያያችሁት ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። እንደ ሎሚ፣ አቼቶ ወይም እርጎ ያለ አሲድ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል። ኬኩን የሚነፋው ይህ ጋዝ ነው።

ቤኪንግ ፓውደር፦ ሶዳውና ደረቅ አሲዱ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት ነው። ስለዚህ ሎሚ አይፈልግም። ሁለቱን አታምታቱ! ሶዳ ያለ አሲድ ከገባ ኬኩ በደንብ አይነፋም፤ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል።

ትምህርት አንድ፦ የመጥበሻ ብስኩት

በብስኩት የምንጀምረው ቶሎ ስለሚደርስ ነው። የመጀመሪያው ቢያርባችሁ ሁለተኛውን ታስተካክላላችሁ።

የሚያስፈልገው፦ 3 ብርጭቆ ተኩል የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ጎደል ያለ ብርጭቆ ስኳር፣ 1 ብርጭቆ ማርጋሪን ወይም የዳቦ ቅቤ፣ 1 እንቁላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ጨው። ካላችሁ ቀረፋ ወይም ዘቢብ። የተነጠረ የወጥ ቅቤ ግን አይሆንም፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ብስኩቱን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል።

አሠራር፦

1. ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን ቀላቅላችሁ በወንፊት ንፉ።
2. ማርጋሪኑን ጨምሩና በጣቶቻችሁ ጫፍ እያሻችሁ የዳቦ ፍርፋሪ አስመስሉት።
3. ስኳሩን ጨምሩ። ከዚያም የተመታውን እንቁላል አድርጉና ሰብስቡት። እንደ ዳቦ ሊጥ አትሹት፤ አንድ ላይ ከያዘ በቃ። አልያያዝ ካለ አንድ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ።
4. ዱቄት ነስንሳችሁ በመዳመጫ፣ ከሌለ በታጠበ ጠርሙስ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ዳምጡት። በብርጭቆው አፍ ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ።
5. ወፍራም መጥበሻ በዝቅተኛ እሳት አሙቁ፤ ዘይት ጠረግ ብቻ አድርጉበት። በእያንዳንዱ ጎን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ጋግሩ።

ከላይ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። ቀንሱት። ብስኩት የሚቸኩል ሰው አይወድም!

ትምህርት ሁለት፦ የብረት ድስት ኬክ

ይህ ኬክ እንቁላልም ወተትም ቅቤም የለበትም። ስለዚህ ወጪው ቀላል ነው፤ በጾምም ይበላል።

የሚያስፈልገው፦ 3 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ 2 ብርጭቆ ስኳር፣ 2 ብርጭቆ ውሃ፣ ከግማሽ ብርጭቆ ትንሽ ከፍ ያለ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለጣዕም ቫኒላ፣ ቀረፋ ወይም የተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭ፤ ካላችሁ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዋ።

ድስቱን ማዘጋጀት፦ ያረጀ ወፍራም ድስት ምረጡ። ውስጡ የማያጣብቅ ጥቁር ሽፋን ያለው ድስት አይሆንም፤ ባዶውን ሲግል ሽፋኑ ጎጂ ጭስ ያወጣል። ከታች ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጨው ወይም ታጥቦ የደረቀ አሸዋ አንጥፉ። ይህ ሙቀቱን እኩል ያከፋፍላል። በላዩ ላይ ዝቅ ያለ የብረት ማስቀመጫ አድርጉ። ክድን አድርጋችሁ በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ አሙቁት።

አሠራር፦

1. ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ሳህን ወይም የኬክ ቅርጽ ዘይት ቀቡና ዱቄት ነስንሱበት። ድስቱ ውስጥ ሲገባ ጎኑን መንካት የለበትም።
2. ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ሶዳውንና ጨውን በወንፊት ነፍታችሁ ቀላቅሉ።
3. ውሃውንና ዘይቱን ጨምራችሁ ዱቄቱ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ አማስሉ። ትንንሽ ጓጓላ ቢቀር አትጨነቁ።
4. አቼቶውን ወይም ሎሚውን በመጨረሻ ጨምሩና ቶሎ አዋህዱ። አረፋ ሲያወጣ ታያላችሁ። ጋዙ መውጣት ጀምሯል፤ ጊዜ የለም! ወዲያው ወደ ቅርጹ ገልብጡና ድስቱ ውስጥ አስገቡ። ውህዱ ከቅርጹ ከግማሽ ብዙ አይለፍ።
5. ክደኑ። በከሰል የምትጋግሩ ከሆነ ጥቂት ፍም ክዳኑ ላይ አድርጉ፤ የክዳኑ እጀታ ፕላስቲክ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። በኤሌክትሪክ ከሆነ እሳቱን ቀነስ አድርጉ። አናቱ ገርጣ ሊል ይችላል፤ አትደንግጡ።
6. እስከ 25 ደቂቃ ድረስ አትክፈቱት። ከ35 ደቂቃ በኋላ ንጹህ ስንጥር መሐሉ ላይ ውጉበት። ስንጥሩ ደርቆ ከወጣ ደርሷል። ሊጥ ከያዘ 5 ደቂቃ ጨምሩለት።
7. አውጥታችሁ 10 ደቂቃ አብርዱት፤ ከዚያ ገልብጡት። በትኩሱ የተቆረጠ ኬክ ይፈረፈራል።

አዲስ አበባ ላይ ኬክ ለምን ይወድቃል?

ከውጭ አገር የተቀዳ የኬክ አሠራር በዩቲዩብ አይታችሁ፣ ልኩን አክብራችሁ፣ ኬኩ ግን መሐሉ ሰርጉዶባችሁ ያውቃል? ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። አብዛኛው አሠራር የተጻፈው ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ጋዙ ቶሎ ይስፋፋል፣ ኬኩ ሳይበስል ይነፋል፣ ከዚያ ይወድቃል። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በደብረ ብርሃንና በመሳሰሉት ደጋ ቦታዎች የምትኖሩ ሶዳውን ወይም ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሱ፣ ከስኳሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ አንሱ፣ ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ። እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ የምትኖሩ በተጻፈው ልክ ሥሩ።

ምን ተበላሸ?

«ኬኬ መሐሉ ወደቀ።» ሶዳ በዝቷል፣ ወይም ቶሎ ተከፍቷል። አንድ የማውቀው የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናቱ ሥራ ስትውል ሁለት ታናናሾቹን የሚጠብቀው እሱ ነው። ለእህቱ ልደት ሲጋግር ልጆቹ «እንየው፣ እንየው» እያሉ አምስት ጊዜ አስከፈቱት። ኬኩ እንደ ሳህን ጎደጎደ። እነሱ ግን ጉድጓዱን በሙዝ ሞልተው በሉት። በሁለተኛው ቅዳሜ ድንጋይ ክዳኑ ላይ ጫነበት፤ ኬኩም ተነሳ።

«ሥሩ አረረ።» ጨው ወይም አሸዋው ሳስቷል፣ ወይም ቅርጹ ከድስቱ ሥር ጋር ተነካክቷል።

«እንደ ድንጋይ ጠነከረ።» ብዙ ተማስሏል፣ ወይም ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ተለክቷል።

«አልነፋም።» ሶዳው አርጅቶ ይሆናል። ትንሽ ሶዳ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ፤ አረፋ ካላወጣ ጣሉት።

ስንት ፈጀ?

ዋጋ ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጻፍነውም፤ ሒሳቡን ግን እናንተ ሥሩት። 3 ብርጭቆ ዱቄት 200 ግራም ገደማ ነው፤ 2 ብርጭቆ ስኳርም እንዲሁ። ስለዚህ 1 ኪሎ ዱቄትና 1 ኪሎ ስኳር 5 ኬክ ያወጣሉ። 1 ሊትር ዘይት ደግሞ ለ12 ኬክ ያህል ይበቃል። በሰፈራችሁ ሱቅ ዋጋ አካፍሉና ደምሩ። የከሰሉን ወይም የመብራቱን አትርሱ። በክበባችሁ ወይም በትምህርት ቤት ዝግጅት ለመሸጥ ካሰባችሁ የራሳችሁንም ጉልበት ቁጠሩ። ጉልበቱን ሳይቆጥር «አተረፍኩ» የሚል ነጋዴ ራሱን ያታልላል።

አንድ ምክር ደግሞ፦ ጣፋጭ የዘወትር ምግብ አይደለም። ለበዓል፣ ለልደት፣ ለእንግዳ ያምራል። በልታችሁ ስትጨርሱ ጥርሳችሁን አጽዱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በድፎ ዳቦ አጋገርና በብረት ድስት ኬክ መካከል ምን ተመሳሳይነት አለ?
2. ሎሚው ወይም አቼቶው መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ለምንድን ነው?
3. ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚያ የምትኖር ጓደኛችሁ የአዲስ አበባውን ልክ ብትጠቀም ኬኳ ምን ሊሆን ይችላል?
4. በቤታችሁ ጓዳ የሚገባው ማነው? የማይገባውስ? ለምን?

እንግዲህ ቅዳሜ ከልብስ አጠባው በኋላ ሞክሩት። የመጀመሪያውን ቁራሽ ስኳሩን ለፈቀደችላችሁ እናት ወይም አያት ስጡ። ዕቃውንም አጥባችሁ መልሱ፤ ያኔ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ፈቃድ ለመጠየቅ አታፍሩም። ቸር ይግጠመን!