ስለ መኪና ጎማ ነፋስ፤ ልኩም ከጭነቱ ጋር እንዲስማማ

ከሮቤ ወደ ጎባ፤ ከጎባም በሳነቴ አምባ ላይ አልፎ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ የባሌን ደጋና ቆላ የሚያገናኝ ነው። ደገኛው ስንዴውንና ገብሱን፤ ቆለኛውም የሐረናን ቡናና ማር በዚሁ መንገድ ያመላልሳል። ሕመምተኛና ምጥ የያዛት ሴትም ወደ ጎባ ሆስፒታል የሚወጡት በዚሁ ነው። ስለዚህ መኪናው ሰውን ሳያንገላታ እንዲሄድ ማድረግ የምቾት ነገር ብቻ አይደለም፤ የሕይወትም ነገር ነው።

ከኋላው ክፍት ሣጥን ያለው ፒክአፕ የሚባለው መኪና የተሠራው ለጭነት ስለ ሆነ ባሌስትራው ጠንካራ ነው። ጭነት ሲኖረው ረግቶ ይሄዳል፤ ባዶውን ሲሆን ግን ይዘላል። ሰዎችም ስለዚህ አንድ ጊዜ መንገዱን፤ አንድ ጊዜ ነጂውን ይወቅሳሉ። ከጥፋቱ አንዱ ክፍል ግን ማንም በማይመለከተው በጎማው ነፋስ ላይ ነው።

የጎማ ነፋስ ሥራ

በነፋስ የተሞላ ጎማ ወደ ዓለም የገባው መንገደኛን ከመንገጫገጭ ለማዳን ነው። ቤልፋስት በሚባል ከተማ የነበረ ደንሎፕ የተባለ የከብት ሐኪም ልጁ በሦስት እግር ብስክሌት በድንጋያማ መንገድ ሲሄድ እንዳይንገላታ ነፋስ የተሞላ ጎማ ሠራለት፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1888 ዓመትም የፈጠራ መብት ተሰጠው። ከእርሱ በፊት ቶምሰን የሚባል ሰው በ1845 ይህንኑ አሳብ አስመዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን በዘመኑ ሳይስፋፋ ቀረ።

ጭነቱን በብዛት የሚሸከመው ላስቲኩ አይደለም፤ በውስጡ የታመቀው ነፋስ ነው እንጂ። ነፋሱ የሚለካው በባር ነው። 1 ባር ማለት በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ሲጫን የሚሆነው ያህል ነው። በፒኤስአይ ለሚለካም 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ይሆናል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንስጥ። ባዶ ፒክአፕ በአንዱ የኋላ እግሩ ላይ 350 ኪሎ ቢያርፍና የነፋሱ ልክ 2.5 ባር ቢሆን፤ ጎማው መሬቱን የሚነካው በ140 ካሬ ሳንቲሜትር፤ ማለት ከነጣቱ በተዘረጋ መዳፍ ያህል ነው። ከዚህ በኋላ 8 ኩንታል ስንዴ ቢጫንበትና ክብደቱ ሁሉ በሁለቱ የኋላ እግሮች ላይ ቢያርፍ፤ በእያንዳንዱ ላይ 750 ኪሎ ይሆናል። ነፋሱ ካልተጨመረ ጎማው ተለጥጦ እስከ 300 ካሬ ሳንቲሜትር ድረስ ይተኛል። የጎማው ግድግዳ ራሱ ጥቂት ስለሚሸከም ስሌቱ በግምት ነው፤ ምክንያቱ ግን ይኸው ነው።

ሲያንስና ሲበዛ

ነፋሱ ለጭነቱ ሲያንሰው የጎማው ጎን በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። ሽቦን ደጋግሞ ያጠፈ ሰው ሽቦው በእጁ ሲግል ያውቃል፤ ጎማም እንደዚሁ ይግላል፤ በመጨረሻም ክሩና ላስቲኩ ተለያይተው ይፈነዳል። በቁልቁለት ላይ ሰው የተጫነበት መኪና ጎማ ቢፈነዳ የሚመጣውን ጉዳት መናገር አያስፈልግም።

ነፋሱ ሲበዛ ደግሞ ጎማው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ጠጠሩን ሁሉ ወደ ተሳፋሪው ወገብ ያደርሳል፤ በተሸረሸረውም መንገድ ላይ እየዘለለ መሬቱን ስለሚለቅ ፍሬኑ በሚገባ አይዝም።

ጎማው ራሱ ይህን ይመሰክራል። መካከሉ ብቻ ያለቀ እንደ ሆነ ነፋሱ በዝቶ ኖሯል፤ ሁለቱ ዳሮቹ ያለቁ እንደ ሆነ ግን አንሶ ኖሯል።

በሳነቴ ላይ

ደሎ መና ከባሕር ጠለል ከ1,500 ሜትር በታች ሲሆን የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በአምባው ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ራስ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በከፍታ ላይ የውጭው አየር ስለሚሳሳ የጎማው መለኪያ ሩብ ባር ያህል ጨምሮ ያሳያል። ነገር ግን ብርዱ በጎማ ውስጥ ያለውን ነፋስ በየ10 ዲግሪው ከ0.1 ባር ጥቂት በሚበልጥ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሁለቱ በብዙው ይካካሳሉ። መንገዱ ስላንገላታው በአምባው ላይ ነፋስ የሚያስተነፍስ ነጂ ተሳስቷል፤ ወደ ሐረና ደን ሲወርድ ነፋሱን መልሶ የሚሞላበት ስፍራ አያገኝምና።

ሊጠበቅ የሚገባው ሥርዓት

1ኛ. ነፋስ የሚለካው ጧት መኪናው ሳይንቀሳቀስ፤ ጎማው ሳይግል ነው። በመንገድ ላይ የጋለ ጎማ አብዝቶ ስለሚያሳይ ማስተንፈስ አይገባም።

2ኛ. ልኩ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በነጂው በር አጠገብ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ነው። በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ግን የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም።

3ኛ. ጭነት ሳይጫን አስቀድሞ ይጨመራል፤ ጭነቱ ከወረደ በኋላ ለባዶ መኪና ወደ ተጻፈው ልክ ይመለሳል።

4ኛ. ጎማን በእግር መትቶ ማወቅ አይቻልም፤ በመለኪያ ነው እንጂ።

5ኛ. ሕመምተኛ ሲጫን ነፋሱ ከተጻፈው ልክ በታች አይቀነስም። በፊትና በኋላ እግሮች መካከል ያለው ስፍራ ከኋላው ጫፍ ይልቅ ስለማይዘል ሕመምተኛው በጋቢና ውስጥ ይቀመጥ፤ ነጂውም በዝግታ ይሂድ።

ለመምህሩ

አንድ ኳስ በጥላሸት ተቀብቶ በነጭ ወረቀት ላይ ይቀመጥ፤ በላዩም መጽሐፍ ተደርጎ በእጅ ይጫን። ከዚያም ጥቂት ነፋስ ወጥቶለት በዚያው ኃይል እንደ ገና ይጫን። ተማሪዎቹ ሁለቱን ምልክቶች ሲያስተያዩ የላላው ኳስ ሰፊ ምልክት እንዳተመ ያያሉ።

ጥያቄ

ሀ. ጭነቱን በብዛት የሚሸከመው ምንድን ነው?
ለ. መካከሉ ብቻ ያለቀ ጎማ ምን ይናገራል?
ሐ. ስንዴውን በሮቤ ያራገፈ ነጂ ባዶውን ከመመለሱ በፊት ምን ሊያደርግ ይገባዋል?

የአገር ሽማግሌዎችም ሰው ወደ ሆስፒታል በሚላክበት ጊዜ ነጂውን ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን «ጎማውን ዛሬ ለክተኸዋልን?» ብለው ይጠይቁት። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚያድነው ግን ሰው ነው።