ውሃውን ያደፈረሰው ማን ነው?

ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም (ዮሐ. 9)። የዛሬው ትምህርታችን ከዚህ ይነሣል፤ እኛም በሽተኛ ስናይ ቶሎ ጥፋቱን እንፈልጋለንና። «ንጽሕና ስለማይጠብቅ ነው» እንላለን፣ «ቢማር ኖሮ» እንላለን።

ጎግን እንውሰድ። በጋምቤላ ክልል በአኙዋ ዞን ያለ ወረዳ ነው፤ ከተማው ፑኝዶ፣ ወንዙ ጊሎ። ከጎረቤቱ ከአቦቦ ወረዳ ጋር በኢትዮጵያ ጊኒ ዎርም የተባለው ትል የመጨረሻ መደበቂያ ሆኖ ቆይቷል። ሰው የኩሬ ውሃ ሲጠጣ የትሉን እጭ የተሸከሙ እጅግ ጥቃቅን ነፍሳት አብሮ ይውጣል። አንድ ዓመት ያህል ምንም አይሰማውም። ከዚያ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ በኩል ቆዳውን በስቶ ይወጣል። ሲያቃጥለው እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ ትሉም እጩን እዚያው ኩሬ ውስጥ ይረጫል። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ክትባትም የለውም። ውሃን በጨርቅ ማጣራትና ኩሬን በኬሚካል ማከም ነው መከላከያው።

እንግዲህ ማን በደለ? አደን ወጥቶ ጫካ ውስጥ ከኩሬ የጠጣው የአካባቢው ሰው፣ አኙዋው ነው?

ነቢዩ ሕዝቅኤል (ምዕ. 34) የጠነከሩትን በጎች የወቀሰው ስለ ጠጡ አይደለም። እነሱ ከጠገቡ በኋላ የተረፈውን በእግራቸው ስላደፈረሱ ነው። ደካሞቹን ግን ለምን ድፍርስ ጠጣችሁ አላላቸውም። ኃጢአት በአንድ ሰው ልብ ብቻ አይኖርም፤ መሬትና ውሃ በተከፋፈሉበት ሥርዓት ውስጥም ይኖራል፤ ፍሬውም በሥጋ ላይ ይታያል።

«እንዲህ ያለው ሥርዓት የቅኝ ገዢዎች ነው፤ ኢትዮጵያ ግን ቅኝ አልተገዛችም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ምኒልክና እንግሊዝ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት የድንበር ውል አኙዋ ለሁለት ተከፈለ። እንግሊዝም በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ አገኘች፤ ጣቢያው ሱዳን ነፃ እስክትወጣ ድረስ ቆየ። አኙዋን የጠየቀው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሁለት አገር ዳርቻ ሆነ፤ ሐኪም ደግሞ ወደ ዳርቻ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በጊሎ ዳርቻ የእንቅልፍ በሽታ ወረርሽኝ ሲነሣ በሽታውን የምታስተላልፈው ዝንብ ድንበር አላወቀችም።

የቅኝ ገዢ ዋና ትምህርቱ «መሬቱ ባዶ ነው» የሚል ነው። እንግሊዞች በአውስትራሊያ ይህንኑ ብለዋል። አዳኝ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ማሳውን እያሳረፈ የሚያርስ ሰው ለዚህ ዓይን አይታይም። ይህ ዓይን የነጭ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ሆኗል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወቅት ደርግ ደገኞችን ወደ ጋምቤላ ሲያሰፍር አኙዋም አልተጠየቀ፣ ለቆላ ወባ እንግዳ የሆነው ሰፋሪም ቢሆን በወጉ አልተጠየቀ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ 45,000 አባወራዎችን በሦስት ዓመት ውስጥ በመንደር የማሰባሰብ ዕቅድ ወጣ። ተስፋው ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና የውሃ ጉድጓድ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2004 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ብዙዎች በግድ እንደተነሡና በብዙ አዲስ መንደሮች አገልግሎቱ እንዳልተገኘ ገለጸ፤ መንግሥት ሰፈራው በፈቃደኝነት ነው ሲል አስተባበለ። በዚያው ዘመን ሰፋፊ መሬት ለባለሀብቶች ይሰጥ ነበር።

ለዚህ ትምህርት ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የምለው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ 15 ሰዎች ጊኒ ዎርም ተገኘባቸው። ይህም ከሰፊ የንግድ እርሻ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ሠራተኞች ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ጠጥተው ነው። ለሰብሉ የታሰበው ውሃ ለሰው አልታሰበም ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት ትሉ በጎግ ውሾችና ዝንጀሮዎች ላይም ተገኝቷል፤ የመንደር በጎ ፈቃደኞች ውሾችን ያስራሉ፣ ማጣሪያ ያድላሉ፣ ኩሬ ያክማሉ። ትልቅ ሥራ ነው። የትኛው ኩሬ በየትኛው ወር እንደሚጠጣ የሚያውቁት አዳኞቹ ናቸው፤ ጉድጓድ ሲቆፈር ግን ቦታውን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ለሚቀጥለው ሳምንት 1ኛ ነገሥት 21ን፣ የናቡቴን ታሪክ፣ አንብባችሁ ኑ። በየቀበሌያችሁም ያለው የውሃ ጉድጓድ ቦታ ሲመረጥ ማን እንደተጠየቀ አረጋውያንን ጠይቁና ጽፋችሁ አምጡ።