ስለ ፖሊስ መዝገብ

ፖሊስ ሰውን በያዘ ጊዜ ስሙንና የተያዘበትን ምክንያት በመዝገብ ይጽፋል። ይህም ማንም ሰው በስውር ታስሮ እንዳይቀር ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃን የመሻትና የመቀበል ነጻነትን ሰጠ፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ ቍጥር 590 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለጠያቂ መልስ እንዲሰጡ አዘዘ። ነገር ግን ምስክርን ለአደጋ የሚያጋልጥ ወይም ምርመራን የሚያሰናክል ነገር ተሰውሮ ሊጠበቅ ይገባል።

ደግሞ በዚሁ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቈጠርም። ስለዚህ ፖሊስ ለጋዜጠኛ ሲናገር «ሌባ ተያዘ» ቢል ዳኛውን ይቀድማል፤ «በስርቆት የተጠረጠረ ሰው ተያዘ» ቢል ግን እውነቱን ይናገራል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ እንዲህ ያለ ወሬ በሰማችሁ ጊዜ «ተፈርዶበታልን?» ብላችሁ ጠይቁ።