ጽልመትና ጽላሎተ ሞት

በመዝሙረ ዳዊት በ22ኛው መዝሙር «ጽላሎተ ሞት» እያልን የምንጸልየው፣ በዕብራይስጡ «ጻልማዌት» የሚባል አንድ ቃል ነው። ይህ የቅኔ ቃል በብሉይ ኪዳን 18 ጊዜ ይገኛል፤ ከነዚህም 10ሩ በመጽሐፈ ኢዮብ ናቸው።

የሰባ ሊቃናት ትርጉም በዚህ መዝሙር ቃሉን ለሁለት ከፍሎ «የሞት ጥላ» አለው፤ የግዕዙም ዳዊት ይህንኑ ተከተለ። ከኋላ ዘመን የቋንቋ ሊቃውንት ብዙዎቹ ግን፣ የቃሉ ሥር መጨለምን የሚያመለክት ስለ ሆነ ትርጓሜው ድቅድቅ ጨለማ ነው ይላሉ። ከምስክሮቻቸውም አንዱ የእኛው ግዕዝ ነው፤ ይኸውም «ጸልመ» ጨለመ፣ «ጽልመት» ጨለማ ማለት ስለ ሆነ ነው።

እንግዲህ አበው ተሳስተዋልን? አይደለም እንላለን። ቅዱስ ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ቁጥር 16 የኢሳይያስን ትንቢት ሲጠቅስ ጨለማንና የሞትን ጥላ አንድነት አኑሯቸዋል፤ ለሁለቱም የወጣው ብርሃን አንዱ ክርስቶስ ነው። ነቢዩ አሞጽም በምዕራፍ 5 ቁጥር 8 ጻልማዌትን ወደ ንጋት የሚለውጠው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል።

ስለዚህ ሥሩን መመርመር ንባቡን አያፈርሰውም፤ ያጸናዋል እንጂ። ያዘኑትን ስናጽናናም፣ ጨለማቸው እንደ ሞት ቢከብድ የሚያነጋው ጌታ እንዳለ እንንገራቸው።