አፕሌን ያመመው የትኛው ፈንገስ ነው?

ጥያቄ፦ ላስታ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ጥቂት የአፕል ዛፎች አሉኝ። በአንዳንዱ ቅጠል ላይ ነጭ፣ በሌላው ላይ ጠቆር ያለ ነገር ይታያል። ሁለቱም ፈንገስ ነው አሉኝ። በምን ልለያቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ ቅጠሉን በጣትዎ ያሹት። ነጩ እንደ ዱቄት ከለቀቀ፣ ለጋው ቅጠልም ቀጥኖ ከተጠቀለለ ፖዶስፌራ ሊውኮትሪካ ነው። እንቡጥ ውስጥ ስለሚቆይ የታመመውን ቀንበጥ ቆርጠው ያስወግዱ። ጠቆር ያለው ወይራማ መልክ ካለው፣ ዳሩ ካልጠራ፣ ፍሬውንም አሻክሮ ከሰነጠቀ የእከክ በሽታ አምጪው ቬንቹሪያ ኢንኢኳሊስ ነው። ይኼኛው በረገፈ ቅጠል ላይ ስለሚከርም ጠርገው ያቃጥሉት።

ዓይን ብቻ ግን ያሳስታል። በአገራችን ብርቱካንን ክፉኛ የጎዳውን የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ ይመልከቱ፤ አምጪው እ.ኤ.አ. በ1952 በአንጎላና በሞዛምቢክ የተመዘገበው ፕሲውዶሰርኮስፖራ አንጎሌንሲስ ነው። ቁስሉ ባክቴሪያ ከሚያመጣው ቁስል ጋር ሊምታታ ይችላል፤ የፈንገስ መድኃኒት ደግሞ ባክቴሪያን አያድንም። ቁርጡን የሚነግረን ማይክሮስኮፕ ነው፦ የነጩ ፈንገስ ስፖር ሞላላና በሰንሰለት የተደረደረ ሲሆን፣ የእከኩ ወደ አንድ ጫፍ የሾለ ነው።

ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ናሙና ያስመርምሩ። ገና መታመም የጀመሩ ቅጠሎችን ከነቀንበጣቸው ቆርጠው በጋዜጣ ይጠቅልሉ፤ በፌስታል ከታፈኑ ይበሰብሳሉ፣ ሌላ ሻጋታም ይወርሳቸዋል። ቀኑንና ቦታውን ጽፈው በቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ በኩል ለሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እንዲደርስ ይጠይቁ። በሽታው በትክክል ሲለይ ገንዘብዎም ዛፍዎም ይተርፋል።